የማዳም አትክልትና የእኔ ፈረንሳይኛ

ፈረንሳይኛ አውቃለሁ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ የምለው ጅቡቲ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ስሄድ ነው። እዚያ የአገሬ ልጆች ዓርብ ዓርብ የዕረፍት ቀናቸውን በሚያሳልፉበት ቤት፣ ማዳሞቻቸው የላኩላቸውን መልእክት ስልካቸው ላይ ከፍተው ወረፋ ይጠብቁኛል። እኔም መነጽሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ አጥልቄ፣ አንድ ሁለቴ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ነገ በጠዋት ነይ ብላሻለች» እላለሁ። ልጅቷ በጠዋት ሄዳ በሩን ዝግ ብታገኘው በእኔ አትፈርድም። ማዳሟ ሐሳቧን ቀይራ ነው። እንደ ታዘብኩት ከሆነ ፈረንጅ ሐሳቡን የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ እኔ ከተረጎምኩ በኋላ ነው።

ምስጢሩን ልንገራችሁ። ፈረንሳይኛ ማለት «ዊ ማዳም» ማለት ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው። ራስ ዲካ የሚባለው ሰፈር፣ ማዳም ቤት ተቀምጬ በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት፣ ሳህን ከመስበር በቀር በ«ዊ ማዳም» ያልተፈታ ችግር አላጋጠመኝም። «አልገባኝም» የሚለውንም በፈረንሳይኛ አውቀዋለሁ፤ ግን አውጥቼው አላውቅም። አንዴ «አልገባኝም» ያለች ሴት ዘንድ ሁለተኛ ማን መልእክት ይዞ ይመጣል?

ማዳም ብቻዋን የምትኖር አስተማሪ ነች። ደግ ናት፤ አንድ ጉድለት ብቻ አላት፣ መጽሔት ታነባለች። ፈረንጅ መጽሔት ሲያነብ መፍራት ነው። አንድ ጊዜ አንብባ ቅቤ ከቤታችን ጠፋ። ሌላ ጊዜ አንብባ ሁለት ወር ሙሉ በባዶ እግሯ ሄደች። ዘንድሮ ደግሞ ያነበበችው ስለ አትክልት ነበር።

ግቢያችን ውስጥ በፊት ሣር ነበረን። ጅቡቲ ላይ ሣር ማሳደግ በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ጠዋት ታጠጪዋለሽ፣ ቀትር ላይ ይሞታል፣ ማታ ታለቅሺለታለሽ። መጽሔቱ ምን አለ? መሬቱ ራሱ የሚወደውን ትከሉ፤ ያን ጊዜ ውኃ የለ፣ ማጨድ የለ፣ መድኃኒት መርጨት የለ። ማዳም ይህን አንብባ ባርኔጣው ከትከሻው የሚሰፋ ባለሙያ ጠራች። ሰውየው ሣሩን ነቀለ፣ ግቢውን ጠጠር አለበሰው፣ ከዚያም ከገጠር በመኪና ያስጫነውን እሾህ ተከለበት። ግራር፣ የመፋቂያ ዛፍ፣ እሬት፣ እዚህም እዚያም ቁጢጥ ያለ የደረቀ ሣር። ሲጨርሱ ማዳምና ባለሙያው ራቅ ብለው ቆመው በአድናቆት አዩት። እኔም በአድናቆት አየሁት፤ የእኔ አድናቆት ግን የሌላ ዓይነት ነበር።

ዘበኛችን አዴር ፋራህ ደግሞ ከወንበራቸው ተነሡ። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ወደብ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ አማርኛቸውን የተማሩት ከእኛ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። ስለዚህ ግማሹ ስድብ ነው፤ ክፋት ግን የላቸውም፣ ስድብ መሆኑን አያውቁም። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

ግራሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ወላል» አሉኝ፣ እህቴ ማለታቸው ነው፤ «እኔ ከዚህ እሾህ ሸሽቼ ነው ከተማ የገባሁት። ይሄ ውሻ ተከትሎኝ መጣ?»

ትምህርት ተዘጋና ማዳም ለሁለት ወር ወደ አገሯ ልትሄድ ተነሣች። ከምሲን የሚባለው የሙቀት ወራት ነፋስ ፊት እየለበለበ፣ ታክሲው በር ላይ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እኔ ሻንጣዋን ተሸክሜ፣ እሷ ግን ግቢው መሐል ቆማ እሾኋን በፍቅር እያየች ነበር። ከዚያም እጇን በሰፊው ዘርግታ እንዲህ አለችኝ፦

«ቩዋላ! ዣርደን ሳን አንትረቲየን! ያለምኩት ይሄን ነበር። ኮምፕሪ? ገባሽ?»

«ዊ ማዳም።»

አሁን በትክክል ተከተሉኝ። «ሳን» ማለት «ያለ» ነው፤ ሻይ ሳን ሱክር ያለ ስኳር ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። «አንትረቲየን» ደግሞ ሥራ ፈልጋ ጅቡቲ የገባች ሴት ሁሉ ከ«ቦንዡር» ቀድማ የምታውቀው ቃል ነው። ወንበር ጫፍ ላይ አስቀምጠው «ልጅ አለሽ? ሸሚዝ ትተኩሻለሽ? ከቀድሞው ቤት ለምን ወጣሽ?» የሚሉሽ ፈተና ነው። እኔ ራሴ አራት አንትረቲየን ወድቄ በአምስተኛው ነው ማዳም እጅ የገባሁት። የቀረው «ዣርደን» ነው። አትክልተኛ «ዣርዲኒዬ» ይባላል፤ ማዳም ስትቸኩል የቃል ጭራ ትበላለች። ደምሩት። ማዳም ያለምኩት የምትለው ያለ ፈተና የሚቀጠር አትክልተኛ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ታክሲው ውስጥ ገብታም በመስኮት «ምንም ነገር እንዳትነኪ» አለችኝ። ይህም ገባኝ። እኔ ለምን እነካለሁ? የሚነካው አትክልተኛው ነው።

ታክሲው ጥግ ሳይታጠፍ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ባሏ ጌታነህ አሥራ አምስት ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢውን በሙሉ ድንጋይ አነጠፈና ጌታነህን በምስጋና ደብዳቤ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። እህቴ «ሰውዬው እየደረቀብኝ ነው» ትለኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም፣ ድምፅዋ ያስፈራኝ ነበር።

«ያለ ፈተና?» አለችኝ።

«ያለ ፈተና! ማዳም በአፏ ነው ያለችኝ።»

«የኔ እናት፣ አንቺ ቋንቋ ማወቅሽ ለእኛም ተረፈን» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ራሴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ስልኩን ስዘጋ አዴር ፋራህ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ወላል፣ ማዳም እንደዛ አላለችም። አንትረቲየን ማለት...»

«አዴር፣ እርስዎ በርዎን ይጠብቁ» አልኳቸው። ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት ከፈረንሳይ አለቆች ጋር የሠሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን መነጽር አለኝ።

ጌታነህ ወረቀቱን ጨርሶ በባቡር መጣ። ሰፈሩ ሸኝቶታል፣ ልጆቹ «አባታችን ጅቡቲ ሥራ አገኘ» ብለው ለመላው ቀበሌ አውርተዋል። በዚያ ሙቀት ከረባት አሥሯል። ብብቱ ሥር ዶሴ ይዟል፤ የምስጋናው ደብዳቤ፣ የምስክር ወረቀቱና አራት ጉርድ ፎቶ። መንገዱን ሙሉ ለፈተና ሲዘጋጅ ነው የመጣው። ፈተና የለም ስለው ደስ አለው፤ ትንሽም ከፋው።

ግቢውን ሲያይ ግን ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው ቆቡን አወለቀ። «እትዬ፣ ይሄን ግቢ ማን ነው እንዲህ የጣለው?»

«ለዚህ አይደል አንተን የፈለገችው» አልኩት።

እኔን የገረመኝ የሰውየው ጉልበት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ያጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጠዋት ወጣ። ግራሩን ነቀለ፣ መፋቂያውን ነቀለ፣ እሬቱን ነቀለ፣ ጠጠሩን ጠረገ፤ ሁሉንም በጓሮው አጥር ላይ አሻግሮ ከኋላችን ያለው ሜዳ ላይ ወረወረው። አዴር ፋራህ በሩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ያዩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «አይነቀልም! ሚስኪን!» አሉ። ጌታነህ «በሌላ ሰው እጅ አይነቀልም» ተብሎ የተመሰገነ መስሎት ከረባቱን አስተካከለ።

«ማዳም ስትመጣ ቤቷን አታውቀውም» አለኝ ላቡን እየጠረገ። በዚህ ነገር ላይ ልክ ነበር።

ከዚያ መትከል ሆነ። ከድሬዳዋ ዘርና ችግኝ ይዞ መጥቷል፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጤና አዳም፣ ለማዳም ክብር ደግሞ ጽጌረዳ። ጎመን የነፍስ ምግብ ነው፣ እኔ ምንም አላልኩም። ፀሐዩ ግን ብዙ አለ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጌታነህ ከአንሶላዎቼ ዳስ ሠራለት፤ ከምሲን መጥቶ አንሶላውን ወደ ባሕሩ ወሰደው። አንዱን አንሶላዬን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ የመን ሳይደርስ አይቀርም። ቀጥሎ ጌታነህ ጃንጥላ ይዞ ችግኞቹ ላይ ቆመ። አንድ ሰው አንድ ጃንጥላ ይዞ ስንት ጎመን ያስጠልላል? አሥራ አንድ። ቆጥሬያለሁ።

ውኃውም ጨው ጨው ይል ነበርና ቅጠሉ ጠርዙ ይቃጠል ጀመር። ያን ጊዜ ነው በዕውቀቴ የረዳሁት። ኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ከውጭ በኩል የሚያንጠባጥበው ውኃ ጨው የለውም፣ የጅቡቲ ሴት ሁሉ ባልዲ ትደቅንበታለች። ስለዚህ የማዳምን አራቱንም ኤሲ ሌት ተቀን ለቀቅናቸው። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ባዶ ሳሎን፣ ባዶ መኝታ ቤት፣ እንደ ሐረር ተራራ ቀዝቅዞ፣ ከውጭ አራት ባልዲ ተደርድሮ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንድ ደረጃ ለመውጣት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ጌታነህ አንድ ቀን ቀትር ላይ ሳሎን ገብቶ ትንሽ ቆመና «እትዬ፣ አየሩ እኮ እዚህ ነው ያለው» አለኝ። እኔም አሰብኩበት። ውኃውን ከቤት ወደ ጎመን ከምናወጣ ጎመኑን ወደ ቤት ብናስገባውስ?

አስገባነው። ድስት ሲያልቅብን የሾርባ ማቅረቢያውን፣ የሾርባ ማቅረቢያው ሲያልቅ የሰላጣ ሳህኑን፣ በመጨረሻም ከማዳም አያት የተወረሰውን ትልቁን የሸክላ ማሰሮ አፈር ሞላንበት። ሶፋው በላስቲክ ተሸፈነ። ጽጌረዳዋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠች። በሳምንቱ ጎመኑ ቀና አለ፤ ቆስጣው ሰፋ። ልንገራችሁ፣ ያማረ ነገር ነበር። ሳሎኑን በእግር ጣቴ ማቋረጥና በሹክሹክታ ማውራት ጀምሬ ነበር፤ የተኛ ልጅ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ይኼኔ ማዳም በቪዲዮ ደወለች። ናፍቃለች። እኔን አይደለም፣ እሾኋን ነው የናፈቀችው። «አሳዪኝ» አለች።

ግቢው ባዶ፣ ጎመኑ ሳሎን። ሰው ሲጨንቀው ምን ይሆናል? እግር ያወጣል። ስልኩን ወደ ፊቴ አዙሬ፣ እየሣቅሁ፣ እየተንደረደርኩ በጓሮው በር ወጥቼ ከሜዳው ደረስኩ። ሜዳው ማንም ነክቶት የማያውቅ ባዶ ቦታ ነው፤ ድንጋይ፣ እሾህ፣ ላስቲክ። ካሜራውን እሾሁ ላይ አስጠግቼ ያዝኩት። ማዳም በደስታ ጮኸች። «እንዴት ወጥቷል! አየሽ? ሳን አንትረቲየን!» ፍየል መጥታ ስትግጥ ይብስ ተደሰተች፤ ተፈጥሮ ተመለሰች አለች። ከዚያ አንድ አረንጓዴ ቁጥቋጦ አይታ ስሙን ጠየቀችኝ። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ አጠገቤ የደረሱትን አዴር ፋራህን ጠየቅኋቸው።

«ገረን ዋ» አሉኝ።

«ገረን ዋ ይባላል፣ ማዳም!» ብዬ በልበ ሙሉነት ነገርኳት፤ ጽፋ ያዘችው። ቆይቼ እንደ ሰማሁት «ገረን ዋ» በሶማሊኛ «ማን እንደሆነ ያልታወቀ» ማለት ነው። ዛፉ ከየት እንደ መጣ ማንም ስለማያውቅ በዚያው ጠሩት። በዚያች ሜዳ ላይ የእኔ ዘመድ እሱ ብቻ ነበር።

ዕቅዳችን ማዳም ከመምጣቷ በፊት ጎመኑን ወደ ግቢ ማውጣት ነበር። ማዳም ግን ሁለት ቀን ቀድማ መጣች። የሳሎኑን በር ከፈተች፣ ብርዱ ፊቷን መታት፣ ቆመች። ሻንጣዋን አላስቀመጠችም። ዓይኗ ከጽጌረዳዋ ወደ ቆስጣው፣ ከቆስጣው ወደ አያቷ ማሰሮ ሄደ። ከዚያ በመስኮት ወደ ግቢው አየች፤ ግቢው እንደ መዳፍ ለጥ ብሏል።

ነፃ ሆኖ የተገኘው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጌታነህ ግርግሩን ሰምቶ ሮጦ ሄደና ከረባቱን አሥሮ፣ ዶሴውን ይዞ ተመለሰ፤ ከፊቷ በርጩማ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ያበራ ነበር። «እትዬ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ነው አይደል አንትረቲየን?»

«ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አለች ማዳም።

«ስምህን ማን ልበል ብላሃለች» አልኩት። ነገረኝ፣ ነገርኳት። እስከዚህ ውሸት የለም።

«ግራሮቼ የት ናቸው?» አለች፣ ወደ ግቢው እየጠቆመች።

«ከዚህ በፊት የት ሠርተሃል ነው የምትለው።»

ጌታነህ አሥራ አምስቱን ዓመት አንድ በአንድ ተረከ። ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት ሲጫወቱበት የነበረውን የጥላ ዛፍ፣ በስተመጨረሻ ድንጋይ ሲነጠፍ ከሥሩ የቆረጡትን ነገራት። ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

«ግራሮቹ ደህና ናቸው አለ።»

ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ። አዴር ፋራህ ናቸው። «አንተ ሰው» አሉኝ በሾፌር አማርኛቸው፣ «ፍሬን ያዝ። ገደል ነው።»

ጌታነህ የምስጋናውን ደብዳቤ በሁለት እጁ ለማዳም አቀረበ። እጁን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ነፋሱ ሰነጣጥቆታል፣ እሾሁ ቧጭሮታል፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። ማዳምን አላፈርኳትም፤ እሱን አፈርኩት። ይህን ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ነጥዬ፣ መነጽሬን አምኖ ከመጣበት ባቡር አውርጄ፣ አሁንም እያሞኘሁት ነው። እንባዬ መጣ።

«ማዳም» አልኩ፣ «ዥ ኔ ፓ ኮምፕሪ።» አልገባኝም ነበር ማለት ነው። ስድስት ዓመት የደበቅኋትን ቃል አወጣኋት። የቱ እንዳልገባኝ ጠየቀችኝ። «አንትረቲየን» አልኩ።

ያስረዱኝ አዴር ፋራህ ናቸው። «አንትረቲየን መንከባከብ ነው። ወደብ ላይ ክሬን ዘይት ሲቀየርለት፣ አንትረቲየን። ሰው ለሥራ ሲጠየቅም አንትረቲየን። ፈረንሳይ ቃል ያጥረዋል።»

ጌታነህ ተራ በተራ ያየናል። «እትዬ፣ ምን አለች? አለፍኩ?»

«ጌታነህ» አልኩት፣ «የፈለገችው እንክብካቤ የማይፈልግ አትክልት ነው። ሰው አያስፈልገውም።»

ደብዳቤውን ዶሴው ውስጥ መለሰ። ቀስ ብሎ ነው የመለሰው፣ ጠርዙ እንዳይታጠፍ። «ሰው የማያስፈልገው አትክልት» አለ፤ «ታዲያ የሚበቅለው ለማን ነው?»

ይህችን በቃሏ ተረጎምኳት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ናት። ማዳም ቆስጣውን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ለባለ ባርኔጣው ደወለች፤ ስለ ጥፋቱ ነገረችው። ሰውየው ጮኸ። ቀጥሎም ዳግመኛ ከተተከለ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል አለ። ለካ እንክብካቤ የማይፈልግ አትክልት አስቀድሞ እንክብካቤ ይፈልጋል። መጽሔቱ ይህን ጽፎት ነበር፣ በሁለተኛው ገጽ። ማዳም ያነበበችው የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ እኔና ማዳም እኩል ነን፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ጌታነህ ተቀጠረ። በአንትረቲየን። የሥራ ውሉ አጭር ነው፤ እሾሁ ራሱን ችሎ የቆመ ዕለት የእሱ ሥራ ያበቃል። ጎበዝ ሆኖ ከሠራ ይባረራል፣ ሰነፍ ከሆነ እንጀራው ይሰነብታል። እንዲህ ያለ ውል የሚጽፍ ፈረንጅ ብቻ ነው።

ጌታነህ ስንፍና አያውቅበትም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነበር። ደግነቱ ፍቅሩ ከልክ ያልፋል። አዴር ፋራህ «በሳምንት አንዴ፣ አንድ ጣሳ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሱ «ጠማው እኮ» ብሎ የኤሲውን ባልዲ በጠዋት ይገለብጥበታል፣ ከሰዓት ይደግመዋል። ግራሩ ሥሩ ይበሰብሳል፣ አዲስ ይተከላል። ማዳም ታዝናለች፣ እሱ ያዝናል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አማትባለሁ።

ትናንት እህቴ ደወለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ድምፅዋ ደህና ነው። «እስኪ ንገሪኝ፣ ሥራው እንዴት ይዞታል?» አለችኝ።

«ተመስገን በይ» አልኳት፤ «እስካሁን አንድም አልጸደቀም።»